ካርዱ ትክክል ነው፣ ቁጥሩ ግን ሞልቷል፦ ከቱሉ ዲምቱ ለክለባችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የክለባችን ጽሕፈት ቤት
ለ፦ የደጋፊዎች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ያልገባንባቸው ጨዋታዎች ገንዘብና የመጪው ዓመት ካርድ ዋጋ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ የክለባችንን ማሊያ የሚለብስ ብዙ ሰው አለ። ከመካከላችን ዘጠኛችን አምና የክለቡን የሜዳ ጨዋታዎች ሁሉ የሚያስገባ የዓመት ካርድ ገዝተናል። እኔ የዘጠኛችን ጸሐፊ ነኝ። ደብተሩ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው፤ ብሩም ወደ እናንተ የተላከው ከእኔ ቴሌብር ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሰው እኔ ነኝ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ "እህ፣ ምን አሉ?" ይሉኛል። "እስካሁን ምንም አላሉም" እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ። አሁን ይህን መልስ መድገም አፈርኩ። ለዚህ ነው በአደባባይ የምጽፈው።

የክለባችንን ስም አልጠራም። እናንተ ታውቁታላችሁ። ስሙን ብጠራው ነገሩ የተቃራኒ ደጋፊ መሳለቂያ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ለክለቤ አልመኝም። የሌላ ክለብ ደጋፊ የሆኑ ጎረቤቶቼም ይህንኑ ብሶት ሲያወሩ እሰማለሁ።

መጀመሪያ ካርዱን እንዴት እንደገዛነው ልንገራችሁ። ምናልባት ቢሮ ሆኖ ለሚያየው ሰው ዘጠኝ ካርድ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ነው። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ከመካከላችን የዓመቱን ክፍያ ባንዴ ማውጣት የሚችል ሁለት ሰው ቢኖር ነው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ዕቁብ ጣልን። በየእሑዱ ብሎኩ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጠው እህታችን ጋ እንሰበሰባለን። ዕጣ የወጣለት ሰው ብር በእጁ አይቀበልም፤ ካርድ ይገዛለታል። ዘጠኝ እሑድ፣ ዘጠኝ ካርድ። ብሎኬት ማምረቻ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ዝናብ ሲበዛና ሥራ ሲቀዘቅዝ ታናሹ የዕቁቡን ብር ከምሳው ቀንሶ ነበር የሚያመጣው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሚበዛበት ወር ሌሊት እየሰፋች ከፍላለች። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ጡረታቸውን በተቀበሉ ቀን የወሩን ባንዴ ያስመዘግባሉ። "እንዳልረሳ" ይላሉ። ረስተው አያውቁም።

ማስታወቂያችሁ "ሁሉንም የሜዳ ጨዋታ" ይል ነበር። እኛም የገዛነው ይህን ነው።

አሁን ደብተሬን ልክፈት። ለእያንዳንዱ የሜዳ ጨዋታ አንድ መስመር አለኝ። የሜዳ ጨዋታዎቻችን 15 ነበሩ። በነፃነት የገባነው 4 ነው። 3 ጨዋታ ላይ "የተወሰነ ተመልካች ብቻ ይገባል" ተባለ፤ በሦስቱም ከዘጠኛችን አንድም ሰው አልገባም። የቀሩት 8 ወይ በዝግ፣ ያለ ተመልካች ተደረጉ፣ ወይ ወደ ሌላ ከተማ ተወሰዱ። ካርዱ ግን ያው ሙሉ ዋጋ ነው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ የጠበቅነው "እንዲህ ሆነ፣ ይቅርታ፣ እንዲህ እናካክሳለን" የሚል ቃል ነበር። የደረሰን ግን የእድሳት ማስታወቂያ ነው። ዋጋውም ከአምናው ጨምሯል።

ከሦስቱ ጨዋታዎች አንዱን ልተርክላችሁ። ቅዳሜ ነበር፤ ጨዋታው 10 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ከቤት የወጣነው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ለሚመጣ ሰው ይህ ቸኮለ አይባልም። መጀመሪያ የታክሲ ሰልፍ አለ። ከዚያ ቃሊቲ ድረስ ሚኒባስ ነው። ከቃሊቲ ባቡር እንይዛለን፤ ባቡሩ ያን ቀን እስኪመጣ ቆይቶ ነበር፤ ሲመጣም ጢም ብሎ ሞልቶ ነው። ከባቡር ወርደን ደግሞ ሌላ ታክሲ። የሚገቡ ሰዎች ቁጥር መወሰኑን ያወቅነው ባቡር ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድምየው ስልኩን ከፍቶ የክለቡን የቴሌግራም ገጽ ሲያይ "ቀድሞ የመጣ ይስተናገዳል" የሚል ማስታወቂያ አገኘ። ማስታወቂያው ከወጣ አንድ ሰዓት አልሞላውም። ሜዳው አጠገብ ለሚኖር ሰው በቂ ጊዜ ነው። ለእኛ ግን ማስታወቂያው ሲወጣ ነገሩ አልቆልናል።

በሩ ጋ ስንደርስ ገመድ ተወጥሯል። ፈታሹ ወጣት ልጅ ነው፤ ቢበዛ 22 ዓመት። ጋሼ ካርዳቸውን ከአንገታቸው አውልቀው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚያቀብሉ። ልጁ ካርዱን አየ፤ ገለበጠና ጀርባውንም አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ "አባቴ፣ ካርዱ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ግን ሞልቷል" አላቸው። በልጁ አልፈርድም። ትዕዛዝ ነው የያዘው፤ በአክብሮትም ነው የተናገረው። ነገር ግን ያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ካርዱ ትክክል ከሆነ ሰውየው ለምን ውጭ ቀረ?

እዚያው ቆመን ሳለ በጎን በኩል ባለው ትንሽ በር ሰዎች ሲገቡ አየን። ካርድ አላሳዩም። አንዱ ስልክ ደወለ፤ ከውስጥ ሰው ወጣና እጁን ይዞ አስገባው። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ዘጠኛችንም አይተናል፤ አጠገባችን የቆሙት ሁሉ አይተዋል።

ወደ ቤት አልተመለስንም። ያን ያህል መንገድ ከመጣን በኋላ እግራችን እምቢ አለን። አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ጨዋታውን በድምፅ ሰማነው። ጋሼ በሕዝቡ ጩኸት ኳሱ የት እንዳለ ያውቁ ነበር። "ኮርና ነው" ይላሉ፤ ደግሞ "ዳኛው ነው ያናደዳቸው" ይላሉ። በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ ከውስጥ ትልቅ ጩኸት ተነሣ። ታናሽ ወንድምየው ስልኩ ላይ ውጤት ሊያይ ሲሞክር ጋሼ "ተወው፤ የእኛ ነው። የእኛን ጩኸት አላጣውም" አሉ። እውነትም የእኛ ነበር። ተቃቅፈን ጨፈርን። እኔም ጨፈርኩ። ማታ ላይ፣ የመጨረሻውን ሚኒባስ ለመያዝ ስንሯሯጥ ግን ልቤ ተሰበረ።

በቀጣዩ ሳምንት ጸሐፊ እንደመሆኔ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ያነጋገረኝን ሰው አልወቅስም፤ ወንበር ሰጥቶኛል፣ አዳምጦኛል። በመጨረሻ ግን ያለኝ ይህን ነው፦ "የክለብ ፍቅር በገንዘብ አይለካም።"

ብዙ አሰብኩበት። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። እኛም እናምንበታለን። ግን ካርዱ ላይ ዋጋ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። ዋጋ የተጻፈበት ነገር ግዢ ነው፤ ግዢ ደግሞ ሰጪና ተቀባይ አለው። ክለቡ ገንዘብ ቸግሮት "እባካችሁ አዋጡ" ቢለን ኖሮ እናዋጣ ነበር። ከዚህ በፊትም አዋጥተናል። መዋጮ ሲሆን ግን ሰው ይጠየቃል፤ "እሺ" ወይም "አልችልም" ይላል። የእኛን ግን ማንም አልጠየቀንም። በካርድ ስም የተከፈለ ብር ሳንጠየቅ መዋጮ ሆነ። ደብዳቤዬ ሌላ ምንም አይደለም፤ ይህ ብቻ ነው። ድጋፍ ሌላ፣ የመግቢያ ዋጋ ሌላ። ሁለቱን አትቀላቅሉብን።

ሒሳቡ ራሱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ካርዱ 1,500 ብር ነው እንበል፤ የሜዳ ጨዋታውም 15 ነው። አንዱ ጨዋታ 100 ብር ሆነ ማለት ነው። አራት ጊዜ የገባ ሰው የ400 ብር ጨዋታ አይቷል። 1,100 ብሩ አልተነካም። ወይ ይመለስለታል፣ ወይ ለመጪው ዓመት ካርድ ይያዝለታል፣ ወይ ራሱ ወዶ "ለክለቡ ይሁን" ይላል። አንዳንዱ "ደርቢና ሌላ ጨዋታ እኩል ነው ወይ?" ይል ይሆናል። እኩል አይደለም። እንግዲያው ለትልልቆቹ ጨዋታዎች ከፍ ያለ፣ ለሌሎቹ ዝቅ ያለ ድርሻ ስጡ። ብቻ ውድድሩ ሳይጀመር ጻፉት፤ ሁላችንም እንየው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ቢሮ ስሄድ መናገር ስፈልግ ቃል ያጣሁለት። የዓመት ካርድ ከነጠላ ትኬት ቅናሽ አለው። ቅናሹ ስጦታ አይደለም። እኛ በክረምት፣ ክለቡ የበር ገቢ በሌለበት ጊዜ፣ ቀድመን እንከፍላለን። ዕድሉንም እንቀበላለን። ቡድኑ ሊሸነፍ ይችላል። ዝናብ ሊያበሰብሰን ይችላል። ዜሮ ለዜሮ አሰልቺ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ ቢሆን ብሬን መልሱ አልልም፤ እሱን ፈቅጄ ነው የገባሁበት። የተዘጋ በር ግን ከፈቀድኩት ውስጥ አልነበረም።

ተመልካች ሲከለከል የተከፈለው ብር ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ አልተጀመረም። ዓለም በሙሉ በአንድ ሳምንት ነው የተጋፈጠው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መቋረጡ ታወጀ። የእኛ ሊግ ያን ዓመት ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። የእንግሊዙ ሰኔ ላይ በባዶ ስታዲየም ተመለሰ። እዚያ ብዙ ክለቦች ለዓመት ካርድ ባለቤቶች የቀሩትን የሜዳ ጨዋታዎች ቆጥረው ወይ ብሩን መለሱ፣ ወይ ለሚቀጥለው ዓመት ያዙላቸው። የአንድ ካርድ የሜዳ ጨዋታ 19 መሆኑ የታወቀ ስለነበር መቁጠሩ አላስቸገረም። በጀርመን ደግሞ የሞንሽንግላድባህ ደጋፊዎች የራሳቸውን ፎቶ በካርቶን አሠርተው ባዶው ወንበር ላይ እንዲቆምላቸው 19 ዩሮ ከፍለዋል። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ደጋፊ ለክለቡ ያለ አንዳች ጥቅም ሊከፍል እንደሚችል ያሳያል። ግን ተጠይቆ፣ ምን እንደሚከፍል አውቆ፣ ወዶ ነው።

በኅዳር 2013 መጨረሻ በእንግሊዝ ጥቂት ተመልካች እንዲገባ ሲፈቀድም ትልቁ ቁጥር ለብዙ ክለቦች 2,000 ነበር። ሊቨርፑል ከ50,000 በላይ የሚይዝ ሜዳ አለው፤ ያን ጊዜ የገባው 2,000 ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች የተመረጡት በዕጣ ነው። ዕጣ! እኛ ዕቁብተኞች ከዚህ በላይ የምናውቀው ነገር የለም። ቡና የምትሸጠው እህታችን ትንሽ ልጅ ወረቀቱን ስታወጣ ማንም "ለምን ለእሱ ደረሰው" ብሎ አያውቅም። በጎን በር የገባ ሰው ግን ሁላችንንም አስቀይሞናል።

እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ነገር መጣ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው እንዲጫወቱ ተደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያለ ዞረ። ከዚያ ወዲህም ውድድሩ ከከተማ ከተማ መዞሩ ቀጠለ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መጀመሪያ በሽታው ነበር፣ ከዚያም የሜዳ ጥራት፣ የቀጥታ ሥርጭትና ጸጥታ አሉ። ግን ለዓመት ካርድ ባለቤት ይህ ምን ማለት ነው? "የሜዳ ጨዋታ" የሚለው ቃል ባዶ ሆነ ማለት ነው። ሐዋሳ ላይ የሜዳ ቡድን ተብለን በፕሮግራሙ ከፊት ስንጻፍ እኛ 270 ኪሎ ሜትር ርቀን ቴሌቪዥን ፊት ነን። አዳማ ሲሆን ትንሽ ይሻላል፤ የፍጥነት መንገዱ የሚጀምረው ከእኛ ሰፈር ነው። ሁለት ጊዜ ሄደናል። ካርዱ ግን እዚያም አላስገባንም፤ በሩ ላይ ትኬት ገዛን።

በቀሩት ጨዋታዎች ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። እዚያም በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። እንግዲህ ቁጠሩልን፦ ለአንድ ጨዋታ አንዴ በካርድ፣ አንዴ በዲኤስቲቪ ቤት ከፍለናል። ጋሼ ዲኤስቲቪ ቤት አይመቻቸውም። ሰዉ ቆሞ ስለሚጮህ ስክሪኑ አይታያቸውም፤ ጭሱም ያስላቸዋል። እና ቤታቸው በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይዘው ይቀመጣሉ። ካርዱ አንገታቸው ላይ ነው። በጨዋታ ቀን ካርዱን ሳያደርጉ ዋሉ የሚል ሰው የለም።

ስለ እሳቸው ትንሽ ልጨምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ እሳቸው አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው እዚያው ስታዲየም ነበሩ። ጎሎቹን በሙሉ አላስታውስም ይላሉ፤ የሚያስታውሱት የአባታቸው ትከሻ መንቀጥቀጡን ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014፣ ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን እንደገና አሸነፈ፤ 2 ለ 0። የሜዳ ጨዋታችን ነበር። የተደረገው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው፤ ሜዳዎቻችን የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው። ያን ማታ ሰፈራችን በጩኸት ተናወጠ፤ ጋሼም ተደሰቱ። ከዚያ ግን "ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ያሳየሁት አንድም እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም" አሉኝ። ልጃቸው አሁን ትልቅ ሰው ነው። ካርዱን የገዙት የልጅ ልጃቸውን አንድ ቀን ይዘው ለመግባት ነው።

ይህ የክለባችን ጥፋት ነው አልልም። ሜዳ የሚሠራው ክለብ አይደለም። ሊጉን ወደ ሐዋሳ የወሰደውም ክለባችን አይደለም። የእናንተም ችግር ይታየኛል። ቡድኑ ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣል፤ ምግብ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ደመወዝ አለ። የበር ገቢ ሲጠፋ እናንተም ተጎድታችኋል። ደመወዝ ዘግይቶ ተጫዋች ልምምድ አቆመ የሚል ወሬ ሲሰማ የሚያመው እኛን ነው። ግን በሩ ሲዘጋ ጉዳቱ በሁለታችን ላይ ነው የደረሰው፤ በደብተሩ ላይ ግን ሙሉውን የተሸከመው ካርድ የገዛው ሰው ነው። ጨዋታ ሲዘጋ ስፖንሰር አለ፤ የሥርጭት ገንዘብ አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ስፖንሰር የላትም።

ብሎካችን ውስጥ ሕግ የተማረ ልጅ አለ። ደብተሬን አይቶ ሁለት ነገር አሳየኝ። አንዱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው፤ አገልግሎት የገዛ ሰው ሸማች ነው፣ መብትም አለው። ሌላው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2162 ነው። በሌላ ሰው ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የተጠቀመ ይካስ የሚል ነው። እኛ ክስ አንፈልግም። ክለቤን ፍርድ ቤት ማቆም በሕልሜም አላስብም። ነገሩን ያነሣሁት "ተመላሽ አይሆንም" ተብሎ ካርዱ ጀርባ ላይ የታተመው አንድ መስመር ነገሩን ሁሉ የሚዘጋው እንዳይመስላችሁ ነው።

አሁን ወደምንጠይቀው ልምጣ። በዕቁቡ ላይ ተነጋግረንበታል፤ ዘጠኛችንም ተስማምተናል።

ያለፈውን በሚመለከት፣ ያልገባንባቸው ጨዋታዎች ድርሻ ለመጪው ዓመት ካርድ ይያዝልን። ጥሬ ብር ይመለስልን የምንለው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዷ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ሌላው ሥራ አጥቶ ወደ አገር ቤት የተመለሰው ጓደኛችን ነው። የቀረነው መጠበቅ እንችላለን። ከፍሎ የነበረውን ለክለቡ ልተው የሚል ካለም በፊርማው ይተው። እኔ በበኩሌ ግማሹን እተዋለሁ። ግን ተጠይቄ።

የመጪውን ዓመት ዋጋ በሚመለከት ደግሞ፣ ስንት ጨዋታ አዲስ አበባ እንደሚደረግ ሳይታወቅ የ15 ጨዋታ ዋጋ አታስከፍሉን። መጀመሪያ ለተረጋገጡት ጨዋታዎች ብቻ ሽጡልን፤ ሌላው ሲረጋገጥ እንጨምራለን። በሁለት ዙር መክፈል ለእኛም ይቀላል። ካርዱ ላይ የጨዋታው ብዛትና የአንዱ ዋጋ ይጻፍ። ውድድሩ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ካርዱ እዚያም በር ላይ ይሥራ፤ አዳማ ድረስ ከፍሎ የመጣን ሰው እንደገና አታስከፍሉት።

ቁጥር ሲወሰን ዕጣ ይውጣ። በካርድ ቁጥር፣ በግልጽ፣ ሰው እያየ። አንድ ጊዜ የደረሰው በሚቀጥለው ይለፈው። ስሙ ቢያንስ ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ይለጠፍ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከሰበታ ለሚመጣ ሰው የአንድ ሰዓት ማስታወቂያ "አትምጣ" ማለት ነው። የማታ ጨዋታ ሲሆን ደግሞ የምንመለስበትን አስቡልን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቃሊቲ ላይ ታክሲ መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊዋ የማታ ጨዋታ የማትመጣው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ያን የጎን በር ደግሞ ዝጉት። ለእንግዳ፣ ለቀድሞ ተጫዋች፣ ለጋዜጠኛ ቦታ ያስፈልጋል፤ ስንት እንደሆነ ንገሩንና እናከብራለን።

ለደጋፊዎች ማኅበራችንም አንድ ቃል አለኝ። እናንተ ከእኛ መካከል የተመረጣችሁ ናችሁ። ማሊያ በማስመጣት፣ አውቶቡስ በማዘጋጀት፣ የታመመ ደጋፊ በመጠየቅ ትጉ እንደሆናችሁ አይተናል። ካርድ ስትሸጡም በየሰፈሩ መጥታችሁ ቆማችሁ ሸጣችኋል፤ እኛ ጋም መጥታችኋል፣ ቡና ጠጥታችሁ ሄዳችኋል። የመመለሻውን ወሬ ይዛችሁ ግን አልመጣችሁም። ኑ። መልሱ ጥሩ ባይሆንም ኑ። እሑድ ጠዋት ሁላችንም ብሎኩ ሥር ነን።

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ዕቁቡ እንደገና ይጀመራል። አዲስ ገጽ ገልጬ ከላይ "የመጪው ዓመት ካርድ" ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ዘጠኝ መስመር አስምሬያለሁ። እስከ ዛሬ ስማቸውን ያስጻፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጋሼ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ስም ከሥር አስጨምረዋል። የቀሩት ስድስቱ "መጀመሪያ መልሳቸውን እንስማ" ብለዋል። የመጀመሪያው ዕጣ የሚወጣው በሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ነው። መልሳችሁ ከዚያ በፊት ይድረሰን፤ ደብተሩን ይዤ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘጠኙ ካርድ ባለቤቶች ጸሐፊ
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም